ባዝራዋን ወደ ወንዝ ያወረድኳት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካሁን የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሰማው ገና ብዙ አልቆየም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስቆጥር ሐሜቱን ተናገርኩ፣ ቁጣውን ተናገርኩ፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሁሉ ተናገርኩ፤ ይህችን ግን በምላሴ ሥር ይዤ ተመለስኩ። ባሌ ሞቶ ተቀበረ፤ ለእሱም አልነገርኩም። እናቴ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ "የከበደሽ ነገር አለ ወይ ልጄ?" ብላኝ ነበር። የለም አልኳት። ወደ ሞት የምትሄድ እናቱን የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንን ይፈራል? እኔ ግን እፈራለሁ። ስፈራ ነው የኖርኩት፤ ይህንንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው።

እጄ ብዕር የለመደ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ቡልጋ፣ ከቄሱ አጎቴ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ዳሩኝ። የቀረውን ልጄ ተሾመ ከፋብሪካ እየተመለሰ አስተምሮኛል። እንግዲህ ፊደሉ ቢንጋደድ፣ ነገሩም ወደ ኋላ ወደ ፊት ቢል ታገሡኝ። ነገሩ ራሱ ቀጥ ያለ ነው። ባዝራዋን ወደ ወንዝ ያወረድኳት እኔ ነኝ። አንድ ሰው የሞተው፣ ሌላውም ሰው ቆሞ እየሄደ የሞተው በዚያ ነው።

ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ከቡልጋ መጥቼ እዚህ ለቡ፣ ከበደ ለሚባል ገበሬ ተድሬ ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው ከባሌ አባት ግቢ ነው። ከቤታችን በታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ዳር ያለችውን ጉብታ ወጣ ሲሉ ሰፊው የመካኒሳ አቦ ሜዳ ይታያል። ዛሬ በዚያ በኩል የቆርቆሮ ቤት በዝቷል፣ የጭነት መኪናም ሲያጓራ ይሰማል፤ ያኔ ግን ከጤፍና ከሽምብራ ማሳ በቀር ምንም አልነበረም። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ከውሃው ተመልሶ መንበሩ ከገባ በኋላ፣ ጎረምሳውም አባወራውም በዚያ ሜዳ ጉግስ ይጫወታል። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል። የሚያባርረው ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻ ይመክታል። ሰውየውን በዘንግ ማግኘት ጨዋታ ነው፤ ፈረሱን መምታት ግን ነውር ነው። ፈረስ የመታ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

ሌላም ደንብ ነበረ። ለማያውቀው ልንገረው። ለጉግስ የሚወጣው ድንጉላ ነው፣ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ። ባዝራ ማለት ሴቷ ናት፤ ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ድንጉላ ከሩቅ ያሸታታል፣ ካሸተታት ደግሞ ልጓሙንም ጌታውንም አያውቅም። ስለዚህ በዚያ ቀን ባዝራ ያለው ሁሉ ባዝራውን ጋጣ ዘግቶባት ይውላል። የተጻፈ ሕግ አይደለም። ሰው እንዳይሞት ሰው ለሰው የሚያደርገው ነው።

እኛ ግቢ አንዲት የከበደ ባዝራ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። የዚያን ጥምቀት ጊዜዋ ደርሶ ጋጣውን ስትጎስመው ነበር ያደረችው። ጠዋት የባሌ አባት ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጠሩኝ።

"ስሚ የሺ፤ ይህች ባዝራ ዛሬ ፀሐይ እንዳታይ። ውሃውን በእንስራ አምጥተሽ እዚያው አጠጫት። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ አባባ።"

"ምን አልኩሽ?"

"ፀሐይ እንዳታይ።"

"ተባረኪ።"

እንዲህ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ቤት ጠባቂ እኔ ነበርኩ፤ ከምራቶቹ ሁሉ አዲሷ እኔ ነኛ። የባሌ እህት ሹሩባዋን ተሠርታ እየሳቀች ከበር ላይ፣ "አይዞሽ፤ አንቺ ደግሞ ከባዝራዋ ጋር ጨፍሪ!" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ከበደም ሳቀ። ያ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የእኔ ቀሚስ፣ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ፣ ገና አንድ ቀን ሳይለበስ ሳጥን ውስጥ ነበረ።

ይህን የምናገረው ለማመካኘት ነው? ለራሴ ስንት ዓመት እንዲህ ብያለሁ፦ ልጅ ነበርኩ፣ ብቻዬን ተዉኝ፣ ሳቁብኝ። ልጅ መሆኔ እውነት ነው። ግን "ፀሐይ እንዳታይ" የሚለውን ቃል ልጅም ይሰማዋል። እኔ ሰምቼ፣ ደግሜ ተናግሬ፣ ተመርቄበት ነው ያፈረስኩት።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ቀረበ፣ እልልታው ቀረበ፣ ከዚያ የፈረስ ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው እግሬ ሥር ተሰማኝ። ባዝራዋም ሰምታ ጆሮዋን አቆመች። እንስራው ደጅ ቁጭ ብሏል፣ ባዶውን። ተሸክሜ ልውረድ፣ ቀድቼ ልመለስ፤ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። እኔ ግን አሰብኩ። ውሃ ለመቅዳት ከወረድኩ ቶሎ መመለስ አለብኝ። ባዝራዋን ይዤ ከወረድኩ ግን እሷ እስክትጠጣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ጉግሱን አያለሁ፤ ሰው ቢያየኝም ፈረስ አጠጣለሁ እላለሁ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ጥፋት ያመጣው ሐሳብ ይህችን ታክላለች። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፣ የጋጣውን ሳንቃ አነሳሁ፣ በመጫኛ ስቤ አወረድኳት።

ነፋሱን አላሰብኩትም። ማሰብ ይገባኝ ነበር። ነፋሱ ከጀርባዬ ወደ ሜዳው ይነፍስ ነበር፤ ቀሚሴን ወደ ፊት ሲገፋው ይታወቀኛል፤ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም።

ባዝራዋ ጠጣች። እኔ መጫኛውን በእጄ እንደያዝኩ ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። ሜዳው ሁሉ ተከፈተልኝ። ያን ጊዜ የሚሸሸው መንገሻ ነበር፤ የመካኒሳ ሰው፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ አምባላይ የሚሉትን ነጭ ፈረስ የሚጋልብ። የሚያባርረው ቶሎሳ ነበር። ቶሎሳ የፉሪ ልጅ ነው፣ የአገሩ ባለመሬት ዘር፤ ዳማ የሚባለው ቀይ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ሰውየውና ፈረሱ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ይመስላሉ ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ሁለቱ ሰዎች በማሳ ድንበር ነገር ተጣልተው እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ለጥምቀት ግን ታርቀው ነው የወጡት።

ባዝራዋ ቀና አለችና አሽካካች።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። አምባላዩ በሩጫው መካከል አንገቱን ወደ እኛ ሰበረ። መጀመሪያ የዞረው እሱ ነው። መንገሻ ከኮርቻው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ነው ዘንጉ ከቶሎሳ እጅ የወጣው፤ ወርዋሪ እጁን ካነሳ አይመልሰውም። ዘንጉ ፈረሱ በነበረበት ባዶ ቦታ አልፎ አፈር ላይ ወደቀ፣ አቧራ አስነሳ። እኔ አይቻለሁ። ወዲያው ዳማም አበደ፣ ቶሎሳንም ጣለው። ከኋላቸው ይመጣ የነበረ ሦስተኛ ፈረስም ጌታውን አሽቀንጥሮ ተከተላቸው። ሦስት ፈረሶች፣ ጌታ የሌላቸው፣ ኮርቻው ከሆዳቸው ሥር ዞሮ፣ ልጓሙ እየተንቀለቀለ፣ ሜዳውን ሰንጥቀው ወደ እኔ መጡ። አምባላዩ ግን ብቻውን አልነበረም። የመንገሻ እግር እርካቡ ውስጥ ቀርቷል። እየጎተተው ነበር የሚመጣው።

እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ? ባዝራዋን ለቅቄ ሰውየውን ልይዘው ሮጥኩ? አልሮጥኩም። ዞሬ ባዝራዋን እየጎተትኩ ከወንዙ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ወደ ቤት ሸሸሁ። ፈረሶቹ ወንዙ ዳር፣ እሷ የረገጠችው ጭቃ ላይ ሲዞሩ ሰው ደርሶ ያዛቸው አሉ። ውሃ ጠምቷቸው ነው የሮጡት ተባለ። መንገሻን ከእርካቡ ፈቱት፤ ሌሊቱን አላደረም።

ቤት እንደደረስኩ ባዝራዋን ዘጋሁባት። ቀሚሴን አውልቄ አጣጥፌ ሳጥን መለስኩ። ከዚያ እንስራውን አንስቼ ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። ቢጠይቁኝ "እንስራው ተሰብሮብኝ ነው" እንድል። አያችሁ? ገና ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መንገሻ ገና እስትንፋሱ ሳለች፣ እኔ ምክንያት እያዘጋጀሁ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እንስራ በከንቱ ተሰበረ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደጃፋችን ላይ የፈረስ ትንፋሽ ሰማሁ። ዳማ ነበር። ሁለቱ ሲያዙ እሱ አምልጦ ኖሯል፤ ላብ አጥምቆት፣ አንድ እርካብ ጠፍቶበት፣ አጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ጋጣው አሽካካ። ባዝራዋ ከውስጥ መለሰችለት። እንዲህ እየተጠራሩ ሳሉ የሰው ድምፅ ከወንዙ በኩል መጣ፤ ፈረሱን የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እዚያ ቆሞ ቢያገኙት ምን ይባላል? ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ዳማ ምስክር ሆኖ ነው የመጣው። ጌታውን ሊያድን የመጣ ይመስል ነበር። እኔ ድንጋይ አነሳሁ። ግንባሩን ነው ያገኘሁት። አልሄድ አለ። ደግሜ አነሳሁ፣ ደግሜ፣ እስኪደማ። በመጨረሻ ዞሮ ወደ ፉሪ ሄደ። ፈረስ የመታ ሰው ከሰው አይቆጠርም ብያችኋለሁ። በዚያን ቀን ፈረስ የመታሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ከበደ ማታ ገባ፤ ልብሱ ላይ የመንገሻ ደም ነበረ። በቀጥታ ጋጣ ገባና የባዝራዋን እግር በእጁ ዳበሰ። ጥር ነው፣ መሬቱ ሁሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጭቃ ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው። እጁን አየ፣ እኔን አየኝ። "ውሃ አጠጣሻት?" አለኝ። "አዎ፣ በእንስራ" አልኩት። "በእንስራ" አለ እሱም። በማግሥቱ ባዝራዋን ለማናውቀው መንገደኛ ሸጣት። አወቀ ወይስ አላወቀም? እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ፤ ቃሉ በመሃላችን እንደ ሦስተኛ ሰው ሲበላና ሲተኛ ኖረ።

ሽምግልናው የተቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጽዱ ሥር ነው። የመንገሻ ወገን፣ "ቶሎሳ ድንበሩን ይዞ ቂም ነበረበት፤ ፈረሱን ፊቱን መታው" አለ። ሰዉም ዘንጉ ሲወረወር መንገሻም ሲወድቅ ነው ያየ፤ ከየትኛው የትኛው እንደቀደመ ማን ለይቶ አየ? አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ተነሥተው፣ "ልጆች፤ አንድ ዘንግ ሦስት ድንጉላ አያሳብድም። ባዝራ ፈልጉ" አሉ።

ባዝራ ያለው ሁሉ እየተነሳ ማለ። ከበደም ተነሣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜያለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ። "ባዝራዬ ከጋጣ ወጥታ እንደሆነ የአብራኬ ክፋይ አይደግልኝ" ብሎ ማለ። ሆዴ ውስጥ ያለው ተንቀሳቀሰ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለግብኝ። "ቆይ" ብል ይበቃ ነበር። አፌን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩት።

ከዚያ ቶሎሳን ማል አሉት። እጁ ተሰብሮ በጨርቅ ታስሯል። ፈረሱን አልመታሁም ብለህ ማል አሉት። እሱም እንዲህ አለ፦

"ሆን ብዬ አልመታሁም። ዘንጉ የት እንዳረፈ ግን አላየሁም፤ እኔም እየወደቅሁ ነበር። ያላየሁትን አልምልም።"

"እንግዲያስ ነክቶት ይሆናል?"

"ይሆናል። አላየሁም።"

ያላየውን አልምልም ያለው ተፈረደበት፤ ያየሁት ዝም አልኩ፤ የማለው ባሌ በሰላም ቤቱ ገባ። ቶሎሳ በሬዎቹንም ዳማንም ለመንገሻ ሚስት ካሳ ሰጠ። እሷም ምን ታድርገው፤ ዳማን ለከተማ ሰው ሸጠችው። ከዓመታት በኋላ ወፍጮ ቤት ደጅ ጋሪ ታስሮ፣ የእህል ጆንያ ተጭኖበት አየሁት። ግንባሩ ላይ ፀጉር ያልበቀለበት ቦታ ነበረ። ነጠላዬን ተከናንቤ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ከፈረስ ተደበቅኩ!

ሆዴ ውስጥ የነበረው ልጅ ተወለደ፤ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። በዚያ ዘመን በየቤቱ ልጅ ይሞት እንደነበረ አውቃለሁ። ከጎረቤቶቼ ያልቀበረች የለችም። እነሱ ግን "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ" ብለው ያለቅሳሉ። እኔ እንዲያ ብዬ የማልቀስ መብት ነበረኝ? ከዚያ ተሾመ መጣልኝ። ሲያስለው እፈራለሁ፣ ሲያመሽ እፈራለሁ፣ ዛፍ ሲወጣ እፈራለሁ። በልጄ ራስ ላይ የተንጠለጠለውን መሐላ እኔ ብቻ አየዋለሁ።

ቶሎሳ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጣም። በእግሩ ነው የሚሄድ፤ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ጥምቀት ሲሆን ከሜዳው ዳር ይቆማል። ጎረምሶቹ ሲያልፉ "ኦቦ ቶሎሳ፣ ዘንግህን ደብቅ!" እያሉ ይሳሳቃሉ፤ ያኔ ያልተወለዱት ሁሉ። እሱ ባዶ እጁን ዘርግቶ ያሳያቸዋል። ልቤን የሚሰብረው ይህ እጅ መዘርጋቱ ነው።

አሁን ወደዚህ ዓመት ልምጣ። ወንድሜ ሲሞት ለተሾመ አንድ ድንጉላ ተወለት። ልጁ ፋብሪካ ይሥራ እንጂ ልቡ ፈረስ ላይ ነው። ለጥምቀት ጉግስ እወጣለሁ አለ፤ ማን ያስተምርህ ሲሉት፣ "ኦቦ ቶሎሳ!" አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደጄ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

"ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?"

ወጣሁ። ቶሎሳ ነው፤ ተሾመም ከጎኑ ፈረሱን ይዞ ቆሟል። ግቡ ብል አልገባም አለ።

"የተሾመ እናት፣ ልጅሽ ወጥሮ ይዞኛል። እኔ ግን መጀመሪያ እናትህ ትፍቀድ አልኩት።"

"ድሮ ከነፋስ ትፈጥን ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው?" አለው ተሾመ።

"ድሮማ ቆንጆም ነበርኩ፤ ይህንን ግን ማንም አይነግርህም" አለ ቶሎሳ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀኝ እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። "እውነቱን ልንገርሽ። ሰው ልጁን ለእኔ ይሰጣል ብዬ አይደለም። እኔም እጄን አላምነውም። ያን ዘንግ እስከ ዛሬ አየዋለሁ፤ ከእጄ ሲወጣ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን አፈር ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ቀን ፈረሱን ዓይኑን ይመታዋል። ሲቆይ ሲቆይ፣ መታሁት ብዬ ማመኑ ቀለለኝ። ቢያንስ ያርፋል ሰው።"

በዚህ ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። እንዲያውም ምን አልኩ መሰላችሁ? ልጄ፣ ያ ሜዳ፣ ፈረስ፣ የከበደ መሐላ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝና፣ "አይሆንም! ልጄን አልሰጥም!" ብዬ ጮህኩ።

ቶሎሳ ራሱን ነቀነቀ። "አውቄ ነበር" አለ። "እናት ነሽ፤ አይፈረድብሽም።" የተሾመን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ቁልቁል በእግሩ ሄደ። ልጄ ፊቴን አየና፣ "እማዬ፣ አንቺም?" አለኝ።

አንቺም! እኔ እኮ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ልጄ አያውቅም። በሩቅ ዘመን ያደረግሁት መስሎኝ የኖርኩትን ኃጢአት ዛሬ በደጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያው ሰው ላይ ደገምኩት። ያኔ ልጅ ነበርኩ አልኩ፤ አሁንስ ምን ልበል?

ቅዳሜ ፉሪ ወረድኩ። ቶሎሳ ከደጁ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ተቀመጪ ቢለኝ አልቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፦ ባዝራዋን፣ ጉብታዋን፣ ነፋሱን፣ ዘንጉን። ስጨርስ መጥረቢያው ጭኑ ላይ ነበረ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይምታኝም ብዬ ነበር። እሱ ግን መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠና፣

"ዳማስ?" አለኝ። "ዳማ ያን ቀን የት ነበር? ግንባሩ ተፈንክቶ ነው የመጣልኝ።"

ይህችን ልደብቃት አስቤ ነበር። ደጄ መጥቶ እንደቆመ፣ በድንጋይ እንዳባረርኩት ነገርኩት። ያኔ ነው ቶሎሳ ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነው።

"እኔ እኮ ከዳኝ ብዬ ነው የሰጠሁት" አለ። "ካሳ አምጣ ሲሉኝ በበሬዎቹ ላይ ሌላ ከብት ልጨምር፣ ዳማን ተዉልኝ ማለት እችል ነበር። ጥሎኝ ሄደ፣ ከመሬት ሳልነሳ ጥሎኝ ሄደ ብዬ ተቀየምኩት። ፈረስ ተቀየምኩ!"

ይቅር በለኝ አልኩት። መጥረቢያውን አንስቶ መጥረብ ጀመረ፤ ወዲያው አቆመና ሳያየኝ፣ "ለእኔማ ነገርሽኝ" አለ። "የመንገሻ ልጆች አባታችንን ገደለ እያሉ አድገው ወልደዋል። ለእነሱ ማን ይንገራቸው?"

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ቆሜ ብናገር ድምፄ ይጠፋል፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ግማሹን ውጬ እቀመጣለሁ። ጨርሼ እንደ ወትሮው ፊደሌን እንዲያርምልኝ ለተሾመ እሰጠዋለሁ፤ ልጄ የሚሰማው እንዲህ ነው። ከዚያ ከጥምቀት በፊት በአቦ ማኅበር፣ የመንገሻ ልጆች ባሉበት ያነበዋል። እናቱ ማን እንደሆነች በራሱ አፍ ይናገራል። ይህንንም እፈራለሁ። ከበደን በመቃብሩ በሐሰት የማለ አሰኘዋለሁ፤ ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ መሐላው ከተጣለ በእኔ ይጣል እንጂ በልጄ አይሁን።

ማሩኝ አልልም። ያልታደለ አፌ ያን ቃል በጽዱ ሥር ሊናገረው ይገባ ነበር፤ አሁን ለራሴ ብዬ ብለምን ደግሞ ሌላ ሌብነት ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቶሎሳ በእግሩ ሲያልፍ ስታገኙት፣ ባዶ እጁንም ዘርግቶ ሲያሳያችሁ፣ እጁን ያዙት። እኔ የነገርኩትን አንድ ጊዜ ሰምቶ አያምነው ይሆናል፤ እናንተ ደግማችሁ ንገሩት። ዘንጉ ፈረሱን አልነካም በሉት። አፈር ላይ ነው የወደቀው። ያየች ሴት አለች በሉት።